ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ለምን ይንቀጠቀጣል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ከሰንዳፋ፦ በፈረንጆቹ 1988 የተሠራ ባለ ካርቡራተር ቶዮታ ሂሉክስ አለኝ፤ ሞተሩ 22አር ነው። ጭድና ወተት ጭኜ ወደ ከተማ እመላለስበታለሁ። ከክረምቱ ወዲህ መብራት ላይ ስቆም፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ በዝግታ) ሲሠራ መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። ኮፈኑን ስከፍት «ስስስ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ቤንዚን ስሰጠው ግን ይስተካከላል፤ መንገድ ላይ ምንም አይልም። አንዱ ጋራዥ ካንዴላዎቹን ቀየረልኝ፤ ሌላው የካርቡራተሩን ማስተካከያ ብሎኖች ነካክቶ ሚኒሞውን ከፍ አደረገው። ጥቂት ቀን ደህና ሆኖ ተመለሰበት። አሁን «ካርቡራተሩ አልቋል» ተብያለሁ። ልቀይረው?

መልስ፦ ገና አይቀይሩ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች የሚያሳዩት በካርቡራተሩ አፍ ሳያልፍ ወደ ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ወደሚያደርሰው ቧንቧ) ሾልኮ የሚገባ አየር እንዳለ ነው። ቀዳዳው ሳይገኝ ካርቡራተር ቢገዙ አዲሱም እንደ አሮጌው ይንቀጠቀጣል።

ሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ ቢራቢሮ (የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው፤ ካርቡራተሩም የሚሰጠው ቤንዚን ለዚያ ጥቂት አየር የሚመጥን ብቻ ነው። ከቢራቢሮው በታች በተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በላላ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) የሚገባውን አየር ካርቡራተሩ አያውቀውም፤ ስለዚህ ቤንዚን አይጨምርለትም። ድብልቁ ይሳሳል፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ያልፋል፤ ንቅናቄውም ከዚያ ይመጣል። ቤንዚን ሲሰጡት ቢራቢሮው ይከፈትና በትክክለኛው መንገድ የሚገባው አየር በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሾልኮ የሚገባው ያኔ ከጠቅላላው ሲነጻጸር ኢምንት ስለሚሆን ሞተሩ የዳነ ይመስላል። ሚኒሞውን ከፍ ማድረግም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ ቱቦው ሲብስበት ንቅናቄው ይመለሳል።

በቅድሚያ ሞተሩ በሚገባ ይሙቅ፤ ቾኩ (በብርድ ለማስነሳት አየር የሚቀንሰው ክዳን) ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ መብራትና ማራገቢያ ይጥፋ። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያንሱና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የካርቡራተሩን አፍ በወፍራም ካርቶን ቀስ በቀስ በከፊል ይሸፍኑ። በእጅ መዳፍ አይሸፍኑት፤ ድብልቁ የሳሳበት ሞተር በካርቡራተሩ በኩል እሳት ሊተፋ ይችላል። ሲሸፍኑት ሞተሩ ከፍ ካለና ከተረጋጋ ችግሩ የድብልቅ መሳሳት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥል። ሲሸፍኑት ወዲያው ሊጠፋ ከሆነ ግን ቤንዚኑ በዝቷል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቾኩን፣ የካርቡራተሩን ተንሳፋፊና የቆሸሸ የአየር ማጣሪያን ይመልከቱ።

ድብልቁ ሳስቶ ሳለ ሾላኪ አየር ላይኖርም ይችላል። የሚኒሞ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ) በጀሪካን ዝቃጭ ሲደፈን ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል፤ ቤንዚን በጀሪካን የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ቀድሞ ይጠርጥር። ሌላው ካርቡራተሩ ላይ ያለችው ባለ ሽቦ የቤንዚን መዝጊያ ናት። ቁልፉን ሲከፍቱ «ቀጭ» ማለት አለባት። ዝም ካለች ሽቦዋን ይፈትሹ፤ እሷ ካልከፈተች ሚኒሞ የሚባል ነገር አይኖርም። የእርስዎ መኪና ግን የ«ስስስ» ድምፅ አለው፤ ስለዚህ ወደ ሾላኪው አየር እንሂድ።

ሾልኮ የሚገባ አየር የሚገኘው መግቢያዎቹን አንድ በአንድ በመዝጋት ነው። በትልቁ ይጀምሩ። ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮ (የፍሬን መርገጫውን የሚያግዘው ክፍል) የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ አፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ ያድርጉት። ሞተሩ ወዲያው ከተረጋጋ አየሩ የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው፦ ቱቦው፣ የአንድ አቅጣጫ ቫልቩ፣ ወይም ሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ። ለመለየት ሞተሩን አጥፍተው ፍሬኑን 5 ጊዜ ያህል ይርገጡ፤ ፔዳሉ ይጠጥራል። እንደረገጡት ሞተሩን ያስነሱ። ጤነኛ ሰርቮ ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ይሰምጣል። ካልሰመጠ፣ ወይም በረገጡ ቁጥር ከእግርዎ አካባቢ የአየር ሹክሹክታ ከተሰማ፣ ሰርቮው አልቋል፤ በዚያ መኪና ጭነት አይጫን።

ቀጥሎ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የሞተሩን ትነት ወደ ማኒፎልድ የሚመልሰውን ትንሽ ቫልቭ ነቅለው በአውራ ጣትዎ ይዝጉት። መምጠጡ ሊሰማዎት ይገባል፤ ሚኒሞውም በጥቂቱ ይወርዳል። በጣም ከወረደና ንቅናቄው ከጠፋ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል። ሲያወዛውዙት ኳ ኳ የማይል ቫልቭ በዘይት ቅሪት ተጣብቋል፤ በቤንዚን ታጥቦ ካልተላቀቀ ይቀየር። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይታገሉት።

ትንንሾቹ ቱቦዎች አድካሚ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹም እነሱ ናቸው። እያንዳንዱን ከማኒፎልዱ በኩል ነቅለው አፉን በጣት ይድፈኑት። ሲደፈን ሞተሩ የሚስተካከልበት ቱቦ ጥፋተኛው ነው። ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደውን ነቅለው በአፍዎ ይሳቡትና በምላስዎ ይዝጉት፤ ምላስዎን ይዞ መቆየት አለበት። አየር ዝም ብሎ ከመጣ ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ተቀድዷል። ቱቦዎቹን ዳር ዳራቸውን አጥፈው ይዩአቸው፤ የደረቀ ጎማ የሚሰነጠቀው አፉ ላይ ነው። ርዝመቱ ከበቃ 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ መመለስ በቂ ነው። የሚገዙ ከሆነ ግድግዳው ወፍራም የሆነ የቫኩም (የመምጠጥ ኃይል) ቱቦ ይጠይቁ። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ሲገዙ አሮጌውን ቁራጭ ይዘው ይሂዱ፤ በዓይን መጠን የተገመተ ቱቦ ወይ ይላላል ወይ አይገባም። የውሃ ወይም የስስ ቤንዚን ቱቦ መተኪያ አይሆንም፤ ሲሞቅ በመምጠጡ ይጣበቃል።

ቱቦዎቹ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ የቀሩት መጋጠሚያዎች ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚደረገውን አንድ ነገር አጥብቀን እንቃወማለን፤ በሚሠራ ሞተር ላይ በመርፌ ቤንዚን መርጨት። በሞቀ የጭስ ማኒፎልድ ወይም ባረጀ የካንዴላ ገመድ ብልጭታ መኪናው በሙሉ ሊነድ ይችላል። ተራ የውሃ መርጫ ጠርሙስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ውሃው ክፍተቱን ለአፍታ ይዘጋዋል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። አፍንጫውን ወደ ቀጭን ጅረት ያስተካክሉና አንድ ቦታ ላይ 3 ወይም 4 ሰከንድ ብቻ ይርጩ፤ ከዚያ ያዳምጡ። ከታች ወደ ላይ ይሂዱ፤ ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ የትኛው መጋጠሚያ እንደመለሰልዎት አያውቁም። 22አር ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ያለው በዚያው በማኒፎልዱ ጎን ፊት ለፊት ስለሆነ ካሎታውን (ክዳኑን) በፕላስቲክ ይሸፍኑ።

የሚረጩባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ማኒፎልዱ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው አራት አፎች። ሁለተኛው ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ወፍራም የሙቀት መከላከያና ከላይና ከታቹ ያሉት ጓርኒሲዮኖች። ሦስተኛው የቢራቢሮው ዘንግ ከካርቡራተሩ አካል የሚወጣባቸው ሁለት ጫፎች። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ በአቧራማ ጠጠር መንገድ ለዓመታት በነዳ መኪና ግን አቧራው ዘንጉን ይበላዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉን ወደ ጎን ሲያወዛውዙት የሚታይ እንቅስቃሴ ካለው በምንም ማስተካከያ ሚኒሞ አይዝም። እሱም ቢሆን ካርቡራተር አያስቀይርም፤ ጥሩ ቶርኖ ቤት ቀዳዳውን አስፍቶ የነሐስ ቡሽ ያስገባለታል።

ፍተሻውን አንድ ጊዜ ጠዋት በብርድ፣ አንድ ጊዜ ከሞቀ በኋላ ያድርጉት። አልሙኒየም ሲሞቅ ስለሚለጠጥ በብርድ የሚያፈስ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሊዘጋ ይችላል፤ ተቃራኒውም ይሆናል። ሞቆ ወደ ጋራዥ የደረሰ መኪና ጠዋት ያሳየውን ችግር ላያሳይ ይችላል።

ጥፋቱ የካርቡራተሩ ሥር ከሆነ አራቱን ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ ተራ በተራ ያጥብቁ። በኃይል አያጥብቁ፤ የካርቡራተሩ እግር ይጣመማል፤ ከተጣመመ ደግሞ ምንም ጓርኒሲዮን አይዘጋውም። ጥፋቱ የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ከሆነ ሥራው ከበድ ይላል። የ22አር ማኒፎልድ ውስጥ የራዲያተር ውሃ ስለሚያልፍ መጀመሪያ ውሃው መውረድ አለበት። ማኒፎልዱ ሲወጣ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስቀምጠው በፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) ይለኩ፤ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ፊቱ መላግ አለበት። የቴስታታውን ፊት ሲፍቁ አፎቹን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሁለት ወይም በሦስት ዙር እያጠበቁ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያድርሱ። በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲሊኮን የሚቀባ መካኒክ ካገኙ ያስቁሙት፤ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፤ ይላቀቅና ወደ ቫልቮላ (የሲሊንደሩ መክፈቻና መዝጊያ) ይሳባል። በእጅ የሚቆረጥ ጓርኒሲዮን ከትክክለኛው የጓርኒሲዮን ወረቀት ከሆነ ችግር የለውም፤ ከዕቃ ካርቶን ከሆነ ግን ይኮማተራል።

ውሃውን ሲመልሱ የራዲያተሩን ክዳን ላስቲክ ይመልከቱ። በእኛ ከፍታ (በአዲስ አበባ ዙሪያ) ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ያለው መኪና ደህና በተገጠመ ጓርኒሲዮን ላይ ችግር ያመጣል።

ቀዳዳው ሲዘጋ ሞተሩ በድንገት ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ቀድሞ የተነካካው ሚኒሞ ነው፤ አይደንግጡ። የድብልቁን ብሎን በካቻቢቴ በቀስታ እስከሚነካ ያስገቡ፤ አያጥብቁት፤ ሹል አፏ ከተጎዳ አትስተካከልም። ከዚያ 2 ዙር ተኩል ያህል መልሰው ያውጡ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ ከፍና ረጋ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ፤ በሚኒሞው ብሎን ደግሞ በደቂቃ ወደ 750 ዙር ያውርዱት። ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም አንድ ሲሊንደር ብቻ የሚዘል ከሆነ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈትሹ። በየጊዜው ሞተሩን አጥፍተው ይንቀሉ፤ የተነቀለውን ገመድ ከሰውነቱ ጋር በተነካካ ትርፍ ካንዴላ ላይ ይሰኩ፤ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከሠራ የኢግኒሽኑን ኤሌክትሮኒክስ ያቃጥላል። ሲነቀል ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር ጥፋቱ ያለበት ነው። በዚያ ጊዜ የቫልቮላውን ክፍተት ያስለኩ፤ በ22አር ሞተሩ ሞቆ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦ ያረጀ የቤንዚን ፒክአፕ አለኝ። የቫኩም ጌጅ ተውሼ ማኒፎልዱ ላይ ብሰካው ሚኒሞ ላይ 11 ኢንች (የሜርኩሪ) ይላል። ጌጁ ላይ ያለው አረንጓዴ ክልል ከ17 እስከ 21 ነው። መካኒኩ «የፒስተን ፋሻ (ቀለበት) ጨርሷል፣ ሞተሩ ይውረድ» ይላል። ዘይት አይጎድልበትም፣ ጭስም የለውም።

መልስ፦ ሞተሩን አያስወርዱ። ጌጁ ላይ ያለው አረንጓዴ ክልል የተሣለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ መኪና ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ በ1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ከ8 እስከ 9 ኢንች ይቀነሳል። ከ17 እስከ 21 የነበረው በእናንተ ከተማ ከ8 እስከ 13 ይሆናል ማለት ነው። 11 ላይ ረግቶ የቆመ ጠቋሚ የጤነኛ ሞተር ንባብ ነው። በጣም የሚሻለው በዚያው ከተማ ደህና የሚሠራ ተመሳሳይ ሞተር ላይ ለክቶ ቁጥሩን ጌጁ ላይ በቀለም መጻፍ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የጠቋሚውን እንቅስቃሴ ያንብቡ። ረግቶ ግን ከሚጠበቀው 3 ወይም 4 ኢንች ዝቅ ካለ ሾላኪ አየር ወይም የዘገየ ኢግኒሽን ይጠርጠር። በእኩል ልዩነት ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ከወደቀ አንድ ቫልቮላ ወይም አንድ ሲሊንደር ነው። በቀስታ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ የድብልቅ ማስተካከያ ነው።

የኮምፕረሽን መለኪያም እንዲሁ በከፍታ ዝቅ ይላል። መጽሐፉ 170 ፒ ኤስ አይ ካለ በአዲስ አበባ ዙሪያ 130 አካባቢ ጤነኛ ነው። ፋሻ ጨርሷል ከማለት በፊት አራቱን ሲሊንደሮች ለክቶ ልዩነታቸውን ማየት፣ ከዚያ ዝቅ ባለው ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ያስፈልጋል። በግልጽ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቮላ ነው። ይህን ሳይለካ ሞተር ይውረድ የሚል መካኒክ ዘንድ መኪናውን አይተዉት።

ይህ ዝቅ ያለ ቫኩም ግን አንድ ቦታ ላይ በእርግጥ ያስጨንቀናል፤ ፍሬን ላይ። ሰርቮው የሚረዳዎት በቫኩሙ መጠን ነው። በእናንተ ከፍታ እርዳታው በባሕር ጠለል ላይ ካለው ግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በዚያ ላይ ቱቦ ካፈሰሰ እግርዎ ብቻውን ይቀራል። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በሚወርደው ቁልቁለት ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱ አሽከርካሪዎች አሉ። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ለሁለት ወይም ለሦስት መርገጫ ብቻ የሚበቃ ነው። እባካችሁ ሞተሩ እየሠራ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከቤንዚን ፔዳሉ ሲነሳ ቫኩሙ እንዲያውም ይጨምራል።

ጥያቄ፣ ከሰበታ፦ አሮጌ የናፍታ አይሱዙ አለኝ። ጠዋት በእጅ ፖምፓ ካልተገፋ አይነሳም፤ ከተነሳም ሚኒሞ ላይ ይዘላል። «ቫኩም ያስገባል» ተባልኩ። ማኒፎልዱን ላስፈታ?

መልስ፦ ማኒፎልዱን ተዉት። እንዲህ ያለ አሮጌ ናፍታ ሞተር አየር መግቢያው ላይ እንደ ቤንዚን ሞተር የሚዘጋ ቢራቢሮ የለውም፤ ስለዚህ ማኒፎልዱ ውስጥ ቫኩም የለም። ለፍሬኑ የሚያስፈልገውን ቫኩም የሚሠራው ራሱን የቻለ ፖምፓ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጀርባ ነው የሚገኘው። የዚያ መስመር ቢቀደድ ፍሬኑ ይጠጥራል እንጂ ሞተሩ አይዘልም። ልዩ የሚሆኑት የአየር መግቢያቸው ቫኩም የናፍታውን መጠን የሚቆጣጠርባቸው አሮጌ ሞተሮች ናቸው፤ ለምሳሌ የቀድሞዎቹ ላንድ ክሩዘሮች ቢ ሞተር። በእነዚያ ላይ ወደ ኢንጀክሽን ፖምፓው የሚሄደው ቱቦ ከተቀደደ ሞተሩ ያለ ልክ ሊጮኽ ይችላል።

የእርስዎ ችግር ናፍታው መስመር ውስጥ የሚገባ አየር ነው። ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር የሚስብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ ቀዳዳው ናፍታ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ነው የሚያስገባው። ሌሊት መኪናው ሲቆም ናፍታው ወደ ታንከር ይመለሳል፤ ጠዋት በእጅ መግፋት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ከማጣሪያው ወደ ኢንጀክሽን ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ አንድ ቁራጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ናፍታ የሚችል ቱቦ ያስገቡ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ካለፈ ግምቱ ትክክል ነው። ከዚያ ንጹሕ ናፍታ ያለበት ትንሽ ጀሪካን ከሞተሩ አጠገብ አስቀምጠው በአዲስ ቱቦ ከእጅ ፖምፓው መግቢያ ጋር ያገናኙት። አረፋው ከቆመ ቀዳዳው ከታንከሩ እስከዚያ ድረስ ባለው መስመር ነው፤ ሻንሲው ላይ የሚታሸውን የጎማ ቱቦና ፋሼታዎቹን (ማሰሪያዎቹን) ይዩ። ካልቆመ ደግሞ የእጅ ፖምፓው ላስቲክ፣ የማጣሪያው ጎማ ቀለበት ወይም የባንጆ ብሎኖቹ (ናፍታ በውስጣቸው የሚያልፍ ብሎኖች) የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ናቸው። አዲስ ሮንዴላ ካጡ አሮጌውን እስኪቀላ አግለው ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ መዳቡ ይለሰልስና እንደገና ይይዛል። ሁለቱ ፊቶቹ ጭረት ካላቸው ግን አይሠራም።

አረፋ ሳይኖር ሞተሩ የሚዘል ከሆነ ሚኒሞ ላይ እያለ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ቱቦ ዳዶ ግማሽ ዙር ያህል አላልተው ወዲያው ያጥብቁ። ሲላላ የሞተሩ ድምፅ የማይለወጥበት ሲሊንደር ደካማው ነው፤ ያን ኢንጀክተር ብቻ ወደ መፈተሻ ይውሰዱ። ዳዶውን በጨርቅ ሸፍነው ያላሉ፤ እጅዎን ወደ ቀዳዳው አያስጠጉ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ይበሳል፤ የተበሳ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት።